ገና ያስቀጣ በነበረበት አገር

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የፈረንጆች ገና በደረሰ ቁጥር፣ አሜሪካ የሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ እንግሊዛውያን በዓሉን በድምቀት ያከብሩ እንደነበር ይጻፋል። ስለ ቨርጂንያ ከሆነ እሺ። እዚያ የነበሩት የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ተከታዮች ናቸው፤ ያከብሩ ነበር። ማሳቹሴትስን የሚጨምረው የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ክፍል፣ ኒው ኢንግላንድ፣ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

በሜይፍላወር መርከብ የመጡት ሰዎች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 1620 በኒው ኢንግላንዷ ሰፈራ ፕሊመዝ ቤት ሲሠሩ ነው የዋሉት። በዓመቱ አዲስ የመጡ ሰፋሪዎች “በዚህ ቀን መሥራት ሕሊናችን አይፈቅድም” አሉ። ገዥው ዊልያም ብራድፎርድ ተዋቸው። እኩለ ቀን ላይ ሲመለስ ግን መንገድ ላይ ኳስ ሲጫወቱ አገኛቸው። መጫወቻቸውን ቀማቸው። ሌላው እየሠራ እናንተ ስትጫወቱ ማየት ደግሞ የእኔን ሕሊና ይከብደዋል አላቸው። (በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም የሚለውን ማን በነገረው!)

የማሳቹሴትስ ሸንጎ ይባስ ብሎ በ1659 ሕግ አወጣ። ገናን ሥራ ፈትቶ ወይም ደግሶ ያከበረ 5 ሺሊንግ ይቀጣል። ምክንያታቸው ሃይማኖት መጥላት አይደለም። እዚያ የሰፈሩት ፒዩሪታኖች (ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ ያለ ሥርዓት ከቤተ ክርስቲያን ይወገድ የሚሉ ፕሮቴስታንቶች) ቀኑ በመጽሐፍ ቅዱስ አልተጻፈም ባዮች ነበሩ። በእንግሊዝ በበዓሉ ሰበብ የሚታየው ስካርና ቁማርም ያንገሸግሻቸው ነበር። ሕጉ የተሻረው በ1681 ነው። ጥላቻው ግን ቶሎ አልለቀቀም፤ ማሳቹሴትስ ገናን የሕዝብ በዓል ያደረገችው በ1856 ነው።

በሚቀጥለው የበዓል እትማችሁ ይህም ቢካተት ደስ ይለኛል።

አንድ አንባቢያችሁ