ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ምሽት

የተወደዳችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ቤት ሙሉ ልጅ ሰብስቦ መጸለይ ቀላል አይደለም። ትንሹ ያንቀላፋል፣ ትልልቆቹ በትራስ ይጣላሉ፣ አንዷ ደግሞ ገና «አሜን» ሳይባል ውሃ ጠማኝ ትላለች። ግድ የለም፣ ጸሎቱ ይጠር እንጂ አይቅር። ዘዳግም 6፥7 ልጆችን ማስተማርን ከመቀመጥ፣ ከመንገድ፣ ከመተኛትና ከመነሣት ጋር ነው ያያዘው። ልብስ እያጣጠፋችሁም ይቻላል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በብዙዎች መካከል ዝም የሚለው ልጅ ነው። የእንግሊዛዊው ሰባኪና የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሥራች የጆን ዌስሊ እናት ሱዛና 19 ልጆች ወልዳ 10ሩ አደጉላት። በየሳምንቱ ከእያንዳንዳቸው ጋር ለብቻ የምታወራበት ምሽት ነበራት፤ የጆን ሐሙስ ነበር።

እስቲ በዚህ ሳምንት ዝም ከሚለው ልጃችሁ ጀምሩ። ወሬውን እሱ ይምረጥ፣ እናንተ ስሙት። ከዚያ አብራችሁ ጸልዩ።