«አብሽሩ፣ ያው ነው»

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅድሚያ ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከደሴ ከተማ ሲሆን የማነሳው ጉዳይ ሳሙና፣ ዘይትና ብስኩት ነው። ትልልቅ አገራዊ ጉዳዮች በሚስተናገዱበት ገጽ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ መቅረብ ያሳፍር ይሆናል፤ ሆኖም በየሳምንቱ ከባለሱቅ ጋር የሚያነታርከኝ ይኸው ስለሆነና በዚህ ከተማ ብቸኛው ተነታራኪ እኔ እንዳልሆንኩ ስለማውቅ፣ ጥቂት ቦታ ይፈቅዱልኝ ዘንድ እጠይቃለሁ።

ደንበኛ የለመደውን ዕቃ በስሙ ጠርቶ ሲጠይቅ፣ ባለሱቁ ዕቃው ባይኖረውም «የለም» አይልም። ከመደርደሪያው ሌላ ያነሣል፣ አቧራውን በመዳፉ ጠረግ ያደርጋል፣ ከዚያም «አብሽሩ፣ ያው ነው» ይላል። «አብሽር» እኛ ወሎዎች የታመመውን፣ ያዘነውንና የከሰረውን የምናጽናናበት ቃል ነው። በሳሙና ላይ ሲውል እምቢ ማለት የሚከብደን ለዚህ ይመስለኛል፤ አጽናኝን ማን ይገፋል?

እናቴ ግን ትገፋለች። ዕድሜዋ ሰባን አልፏል፤ ፊደል አልቆጠረችም። ከሱቅ የምታስመጣቸውን ዕቃዎች የምታውቃቸው በማሸጊያቸው ቀለምና ሥዕል ነው፤ የልብስ ሳሙናዋ «ባለ ሰማያዊው»፣ ብስኩቷ «ባለ ልጅቷ»፣ የሻይ ቅጠሏ «ቀዩ ካርቶን» ይባላሉ። ባለፈው ክረምት የእህቴን ልጅ ሰማያዊውን ሳሙና እንዲያመጣ ወደ ሱቅ ላከችው። ልጁ ወረቀቱ ሰማያዊ የሆነ፣ ስሙ ግን ሌላ የሆነ ሳሙና ይዞ ተመለሰ፤ ባለሱቁም የተለመደውን ማጽናኛ በልጁ በኩል ልኮላታል። እናቴ ሳሙናውን ወደ በሩ ብርሃን አወጣችው። ወረቀቱን ልጣ አሸተተችው፤ በአውራ ጣቷ ጥፍር ጫን ብላ ጫረችው፤ ጥፍሯ ውስጥ የገባውን አየችና «ይሄ ውኃ ነው፤ መልስ» አለች።

እውነቱን ለመናገር በዚያ ቀን የተከራከርኩት ለባለሱቁ ወግኜ ነበር። በሳሙና ይህን ያህል መመራመር ምን ይሉታል በሚል ስሜት ሳሙናውን አስቀረሁት፤ ከእርሷ አሮጌ ቁራጭ ጋርም በመስኮቱ ደፍ ላይ ጎን ለጎን አኖርኳቸው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አዲሱ ሳሙና ከአራቱም ጠርዙ ተሰብስቦ፣ መሐሉ ተሰንጥቆ፣ ጫፉ እንደ ደረቀ ቆዳ ተቆልምሞ ተገኘ። የእናቴ ቁራጭ እንደነበረ ነበር። የሳሙናን ጥራት የሚወስነው በዋናነት በውስጡ ያለው የቅባት መጠን ነው፤ ቅባቱ ተቀንሶ ውኃና ልዩ ልዩ መሙያ ሲበዛበት ሳሙናው በተሠራበት ቀን ከሌላው እኩል ይመዝናል፤ ነገር ግን ውኃው በመደርደሪያ ላይ እያለ ይተናል፣ ከነጠላ ጋር ሲገናኝም ቶሎ ይሟሟል። እናቴ ይህንን የምታውቀው በአንድ ሳሙና ስንት ነጠላና ስንት አንሶላ እንደሚታጠብ ቆጥራ ነው። የእርሷ «ባለ ሰማያዊው» ለብዙ ዓመታት የተካሄደ ምርመራ ውጤት መሆኑን የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ስለ ዘይት ደግሞ ደሴ ላይ ያለ ሰው ሊታለል አይችልም፤ ብርዱ ራሱ ይመሰክራልና። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሐረጎን ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ኮምቦልቻ ደግሞ ከ1800 ሜትር ብዙም አትበልጥም። በሐምሌ ማለዳ እኛ ቤት የፓልም ዘይት በጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ ረግቶ ያድራል፤ ለቁርስ የምትሆን ጭላፊ ለማውጣት ጀሪካኑን ሙቅ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ማቆም ግድ ይሆናል። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ያንኑ ዘይት ከዚያው ነጋዴ ገዝታ፣ ያለ ምንም ችግር ታንቆረቁራለች። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሐኪሞች «ሳቹሬትድ» የሚሉት፣ ቀዝቀዝ ሲል የሚረጋው የስብ ዓይነት ነው። የኑግ ዘይት ግን አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው፣ ቀዝቀዝ ሲልም ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው የስብ ዓይነት ስለሆነ በእኛም ብርድ ቢሆን አይረጋም። እንግዲህ ሐኪም ከረጊ ዘይት ተጠንቀቅ ያለው ሰው ኑግ ፈልጎ ሲመጣ «ዘይት ያው ዘይት ነው» ማለት ምን ማለት ነው? ዋጋቸው እንደማይቀራረብ አውቃለሁ፤ አብዛኛው ቤት ፓልም የሚጠቀመው አቅሙ የሚፈቅድለት እሱ ስለሆነ ነው፣ የእኔም ቤት ብዙውን ጊዜ እንደዚያው ነው። አቅሜ ሲፈቅድ ግን የጠየቅኩትን ላግኝ።

ከሁሉ የሚከብደኝ የብስኩቱ ነገር ነው፤ ምክንያቱም እኛ ዘንድ ምግብ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በግቢያችን ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ በር እንገባለን፤ ልጆቹ ከየትኛው ቤት እንደበሉ ማታ ላይ ነው የሚታወቀው። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲገቡ የግቢያችን ሴቶች ለእንግዳም ለልጆችም የሚሆን ብስኩትና ከረሜላ በጋራ ገዙ። የክርስቲያኖቹ ምርጫ ወተት የሌለበትን ለይተው ያወቁት ብስኩት ነው። ሙስሊሟ ጎረቤታችንም ለልጆቿ የምትገዛው ለስላሳ ከረሜላ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ጄላቲን ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ እንደሚሠራ፣ ከአሳማም ሊሠራ እንደሚችል ሰምታ፣ ሐላል መሆኑ የተጻፈበትን ጠይቃ አስጠይቃ የለየችው። ባለሱቁ ሁለቱንም በሌላ ተክቶ፣ ሁለቱንም አጽናንቶ ላካቸው። የብስኩቱን ማሸጊያ ጀርባ ልጄ በእጅ ስልኳ መብራት እያነበበች «አባዬ፣ የወተት ዱቄት ይላል» አለችኝ። ጽሑፉ በባዕድ ቋንቋ፣ ፊደሉም ከጤፍ የማይበልጥ ነው። እናቴ ይህን እንዴት ታነብባለች? ባለሱቁስ አንብቦት ነበር? አላነበበም። ሆኖም ያው መሆኑን ነግሮናል።

ባለሱቆችን ብቻ መውቀስ እንደማይገባ አምናለሁ፤ የራሳችን አነጋገር ያሳስታቸዋልና። ማንኛውንም የልብስ ማጠቢያ ዱቄት «ኦሞ»፣ ማንኛውንም ፈሳሽ ሳሙና «ላርጎ»፣ የፕላስቲክ የውኃ ጠርሙስ ሁሉ «ሃይላንድ» ብለን የምንጠራ ሰዎች ነን። «ኦሞ አለ?» ብሎ የገባ ሰው «አለ፤ የትኛውን?» ተብሎ ሲጠየቅ አይገርመውም። የአንድ ፋብሪካ ስም የዕቃው ሁሉ መጠሪያ ከሆነ በኋላ፣ ያንን አንዱን ለይቶ የሚፈልግ ሰው «ዋናውን»፣ «ኦሪጅናሉን» እያለ በእጁ ጭምር ለማስረዳት ይገደዳል። ለነገሩ «ኦሪጅናል» የሚለውም ቃል ቢሆን ፎርጅዱ ላይ ሳይቀር ተለጥፎ ስለሚሸጥ ዋጋው እየረከሰ ነው።

በስም መግዛት ሁልጊዜ በዕውቀት መግዛት ነው ብዬ ልከራከርም አልችልም። እኔ ራሴ ለዓመታት ከአንድ ሻይ ቅጠል በቀር አልጠጣም ስል ኖሬያለሁ። ባለቤቴ ዋጋው ሲወደድባት ምንም ሳትነግረኝ ርካሹን ገዝታ በዚያው በድሮው ጣሳ ገለበጠችው፤ ሁለት ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ እያመሰገንኩ ጠጣሁ። የነገረችኝ እንግዳ በተሰበሰበበት ቀን ነው። በዚህ ጉዳይ የምለው የለኝም፤ በቤቴ ውስጥ ያለችውን ባለሱቅ በአዋጅ አልከስም። ለስሙ ብቻ እጥፍ ስከፍል እንደኖርኩ ግን አምኛለሁ፤ አሁን ርካሹን የምገዛው አውቄና ፈልጌ ነው።

አዋጅ ካልኩ ዘንድ፣ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት እንዲሁም አማርጦ የመግዛት መብት ሰጥቶታል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501 ደግሞ ገዢን በሚያደናግር አኳኋን የሌላውን ምልክት አስመስሎ መጠቀምን ይከለክላል። የእህቴን ልጅ ያሳሳተው ሰማያዊ ወረቀት ቀለሙን ከየት እንዳመጣው የሚጠይቅ አካል ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር። ያም ሆኖ በአንድ ሳሙና ምክንያት አቤቱታ ጽፎ ከቢሮ ቢሮ የሚመላለስ ሰው አላየሁም፤ እኔም አላደረግሁትም። ዕለታዊው ጉዳይ የሚያልቀው በባንኮኒው ላይ ነው።

በባንኮኒው ማዶ ያለው ሰው ደግሞ የራሱ ጭንቀት አለው። አንድ ቀን ነገሩን ረጋ ብዬ ብጠይቀው ባለሱቁ መጋረጃውን ገልጦ ጓዳውን አሳየኝ፤ ማንም የማይጠይቀው ሳሙና እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ስኳር ሊወስድ ሲሄድ አከፋፋዩ ያን ያህል ካርቶን ሳሙና አብሮ ካልወሰደ ስኳሩን እንደማይሰጠው ነግሮት ነው የጫነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው አሠራር ከተለወጠ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገቡት ዕቃዎች ዋጋ ከሳምንት ሳምንት እየተለዋወጠበት የለመደውን ዕቃ መልሶ ለመግዛት ገንዘቡ አይበቃውም። የእኛ ሰፈር «ያው ነው» ከዚያ ከጓዳው ክምር የሚወጣ መሆኑን ካየሁ በኋላ ድምፄን ዝቅ አድርጌ መነታረክ ጀምሬያለሁ።

«ዕቃ የሚያማርጠው የጠገበ ነው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እናቴ በደርግ ዘመን በኅብረት ሱቅ በር ላይ ካርድ ይዛ ተሰልፋለች፤ ያን ጊዜ ሳሙና የመጣው ነበር፣ ምርጫ አልነበረም፤ እርሷም አላማረጠችም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ከተማችን በጦርነቱ በተያዘችበት ወቅት ሱቆች ተዘግተው፣ በጎረቤት መካከል አንዲት ቁራጭ ሳሙና ለሦስት ተቆርሳ ስትታደል የማን ፋብሪካ ናት ያለ አልነበረም። ሱቆቹ እንደገና በተከፈቱ ጊዜ ግን እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችው «ባለ ሰማያዊው መጥቷል?» ብላ ነው። ጥጋብ ነው እንዳልል፣ በዚያ ሰሞን በቤታችን የጠገበ ሰው አልነበረም። የምታውቀው ነገር ወደ ቦታው መመለሱን ማየት ፈልጋ ይመስለኛል።

ስለዚህ በእርስዎ ጋዜጣ በኩል ለከተማችን ባለሱቆች የማቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። ዕቃው ከሌለ «የለም» ይበሉን። ሌላ ካለ አሳይተውን፣ ሌላ መሆኑን ነግረውን፣ ዋጋውን ጠርተው ይጠይቁን፤ ብዙዎቻችን እንወስዳለን። ሕፃን ወይም ፊደል ያልቆጠረ ሰው ተልኮ ሲመጣ ደግሞ ቢያንስ ስልክ ይደውሉልን።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ከወር በፊት የሆነ ነገር ነው። የእህቴ ልጅ ለዚያው ሳሙና ተልኮ ባዶ እጁን መጣ። ባለሱቁ ከሲጋራ ካርቶን ላይ ቀድዶ በስክሪብቶ «የለም፤ ሐሙስ ይገባል» ብሎ ጽፎ ሰጥቶታል። ለእናቴ አነበብኩላት። ማክሰኞ ነበር፤ የሚታጠበው ልብስ በሳፋው ተከምሯል። ቁራጯን ካርቶን ተቀብላ ከቡና ረከቦቷ ሥር ሸጎጠቻትና ልብሱን ወደ ጓዳ መለሰችው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ፣
ከደሴ