የእንጨት ሥራ ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ፦ ከእጀታው በፊት ቀዳዳው

ክበባችን ዘንድሮ ለዓመቱ መዝጊያ በዓል የሚታይ ወንበርም ጠረጴዛም አላቀረበም። ሥራችን ያለው መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው፤ የሚያውቀውም መሳቢያ የሚስብ ሰው ብቻ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከግምጃ ቤት በወጡ አሮጌ ኮመዲኖዎችና በአንድ ትልቅ ቁም ሣጥን ነው። እጀታቸው ወልቆ በሲባጎ ይሳቡ ስለነበር ይወገዱ ተብሎ ነበር። አባላቱ አንዱን ጥግ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ሲያደርጉት ዋንዛ ሆኖ ተገኘ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች አንዱ ዋንዛ ነው፤ እንዲህ ያለውን ዕቃ ለሲባጎ ብሎ መጣል ነውር ነው።

ወዲያው ክርክሩ እጀታው ወርቃማ ይሁን ጥቁር በሚለው ላይ ሆነ፤ የስብሰባ ጊዜያችንንም ያለ ርኅራኄ በላው። እኔ ሜትሮ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። ባለ ሁለት ብሎን እጀታ ሲገዛ ከቀለሙ በፊት የሚታየው ከአንዱ ብሎን መሐል እስከ ሌላው ብሎን መሐል ያለው ርቀት ነው። በአሁኑ ጊዜ ከተለመዱት መጠኖች መካከል 64፣ 96 እና 128 ሚሊ ሜትር ይገኙባቸዋል፤ ሁሉም የ32 ብዜቶች ናቸው። የእኛ አሮጌ ቀዳዳዎች ግን 76 ሚሊ ሜትር ግድም፣ ማለትም 3 ኢንች ሆነው አረፉት። ምን አለሽ ተራ የሄዱት ልጆች ልኩን የጠበቀ የናስ እጀታ ይዘው ቢመለሱም ለትንሹ ኮመዲኖ ብቻ በቃ። በሎሚና በአመድ ሲታሽ ያወጣውን መልክ ማየት ደስ ይላል። ለቀሩት 96 ሚሊ ሜትሩን ገዛን።

ዓመቱን የወሰደው እንግዲህ አሮጌዎቹን ቀዳዳዎች መድፈኑ ነው። ብዙዎቹ ስቱኮ፣ ማለትም ቀዳዳ የሚሞላ ልስን፣ ይበቃል ባዮች ነበሩ። አይበቃም፤ ስቱኮ ለመልክ እንጂ ለጉልበት አይሆንም። አዲሱ ቀዳዳ ከአሮጌው የሚርቀው በየጎኑ 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ መብሻው ትራፓኖ ሲያንቀጠቅጠው ሊፈረፈር ይችላል። ስለዚህ ከዋንዛ ቁራጭ ክብ ውታፍ እየጠረቡ፣ ኮላ እየቀቡ መቱበት፤ ሲደርቅ ትርፉ በስለታም መሮ ተቆርጦ ተላገ። ቬርኒሽ ሲቀባ ውታፉ ጠቆር ብሎ ይታያል፤ የቃጫው ጫፍ ወደ ውጭ ስለሚዞር ቬርኒሹን አብዝቶ ይጠጣል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ጉድለት ነው ብለውኛል። እኔ የተጠገነ ዕቃ ጥገናው ቢታይበት አይከፋኝም።

ለመብሳቱ ከስስ ጣውላ አንድ መለኪያ ሠራን፤ ሁለት ቀዳዳና አንድ የመሐል መስመር ያለው። በእጅ የተሠሩ አሮጌ መሳቢያዎች ስፋታቸው እኩል ስላልሆነ ከጠርዝ መለካት አያዋጣም፤ መስመሩ በየመሳቢያው መሐል ላይ ይጋጠማል። ለ4 ሚሊ ሜትር ብሎን 5 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የትራፓኖ መብሻ ጫፍ) ይበቃል። ከኋላ ቁራጭ እንጨት ደግፎ በሞርሳ ማጥበቅ እንደሚያስፈልግ ያልሰማ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የመጀመሪያውን መሳቢያ ውስጡን ገነጠለው፤ ከዚያ ወዲያ ለሌሎቹ የሚያስጠነቅቀው እርሱ ሆነ።

የብሎኑ ርዝመትም አስቸግሮናል። ከእጀታው ጋር የመጣው 25 ሚሊ ሜትር ሲሆን የመሳቢያችን ፊት ውፍረት 22 ነው፤ የሚነክሰው 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል፣ ትንሽ ሲጎተትም ይነቀላል። ረጅም ብሎን ገዝተን በሰጌቶ (በብረት መጋዝ) ወደ 30 አሳጠርነው። ከመቁረጥ በፊት ዳዶ ማስገባት ይገባል፤ ከተቆረጠ በኋላ ዳዶው ሲወጣ የተበላሸውን ጥርስ ያስተካክለዋል።

ለ2017 የቤተ መጻሕፍቱ የካታሎግ መሳቢያዎች ይጠብቁናል። እነርሱ ባለ አንድ ብሎን ድቡልቡል እጀታ ነው የሚፈልጉት፤ ሥራው ይቀላል፣ ብዛታቸው ግን ያስፈራል። ያለን ሰጌቶ አንድ ብቻ ስለሆነ ሊያውሰን የሚችል ወላጅ ቢኖር ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በወርክሾፑ ያገኘናል።