ያንን ኮምፒውተር ከማብራትዎ በፊት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለተወደዱት አባቴ

እንደምን ከርመዋል? ወገብዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ያንን የድሮውን 486 ኮምፒውተር ከዕቃ ቤት አውጥተው ሊያስነሱት እንዳሰቡ በስልክ ሲነግሩኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! እጁ ሥራ ለለመደ ሰው ጥሩ ጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ ክፍሉ ሁሉ በዓይን የሚታይ፣ በካቻቢቴ የሚፈታ፣ ሲበላሽም ምክንያቱ የሚገኝ ዕቃ ነው። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፤ ይህን ደብዳቤ አንብበው ሳይጨርሱ ስፒናውን እንዳይሰኩት። ማሽኑ ቢቃጠል ሌላ 486 ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ዲስኩ ላይ ያለው የእድሩ መዝገብና እርስዎ በአማርኛ የጻፏቸው ደብዳቤዎች ግን ሌላ ቅጂ የላቸውም። ስለዚህ መጀመሪያ የምንሠራው ሁሉ እነሱን ለማትረፍ ይሁን።

ክዳኑን እንደከፈቱ የሚፈልጉት ባትሪውን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከኪቦርዱ መሰኪያ አጠገብ፣ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ የተበየደ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ፕላስቲክ የለበሰ ትንሽ በርሜል ነው፤ 3.6 ቮልት የሚል ተጽፎበታል። ኒኬል ካድሚየም ነው። ኮምፒውተሩ ሲሠራ እየተሞላ፣ ሲጠፋ ሰዓቱንና የዲስኩን ዓይነት ያስታውሳል። ለዓመታት ሳይሞላ ከተቀመጠ ግን ይፈስሳል፤ የሚፈስሰው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድም መዳቡን እየበላ በቀለሙ ሥር ለሥር ይሄዳል። ዙሪያው አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካለ፣ ወይም ቀጫጭኖቹ መስመሮች ከጠቆሩ፣ ፈስሷል ማለት ነው። ባይፈስስም ይውጣ፤ ነገ መፍሰሱ አይቀርም። ጓንት ያድርጉና እግሮቹን በቆራጭ ፒንሳ ይቁረጧቸው። እየወዘወዙ ከነቀሉት ቀዳዳው ላይ ያለውን መዳብ ይዞት ይነሳል።

የመኪና ባትሪ ራስ ላይ የሚወጣውን ነጭ ነገር በቤኪንግ ሶዳ ማጠብ የለመዱት ነው። እዚህ ሶዳ አይሠራም። የመኪናው ባትሪ አሲድ ስለሆነ ነው ሶዳው የሚያረክሰው፤ ይህኛው ፍሳሽ ግን ተቃራኒው ነው፤ የሚያረክሰው ነጭ አቼቶ ነው። አቼቶውን በጥጥ እያስነኩ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብለው ይሹት። አረፋ ማውጣቱን ሲያቆም በተጣራ ውሃ ያጥቡት። ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ይሆናል፤ አሲዱን እንዳይሰጡዎት ብቻ ጠይቀው ይግዙ። በመጨረሻ 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል ጠራርገው ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ ያድርቁት። የእጅ ሳኒታይዘር አይሁን፤ ግሊሰሪን ስላለበት የሚያጣብቅ ነገር ትቶ ይሄዳል።

ከደረቀ በኋላ መልቲሜትሩን ድምፅ የሚሰጠው ላይ አድርገው የጠቆሩትን መስመሮች አንድ በአንድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለኩ። ድምፅ ያልሰጠው ተቆርጧል። እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽፋን ያለው ሽቦ በካውያ በይዶ ሁለቱን ጫፎች ማገናኘት ይቻላል። ይህን ናቲ ይሥራው፤ ዓይኑ ይችላል፤ እርስዎ አጠገቡ ሆነው መስመሩ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ያሳዩት።

በባትሪው ምትክ ክብ የሰዓት ባትሪ አይበይዱበት። ቦርዱ ሊሞላው ይሞክራል፤ እንዲህ ያለው የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ሲሞላ ሊፈነዳ ይችላል። የሚሻለው ሦስት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ በማቀፊያቸው ውስጥ ነው፤ ድምሩ 4.5 ቮልት ይሆናል። በፕላሱ ሽቦ ላይ አንድ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ) ይግባ፤ ቀለበት መስመር ያለበት ጫፉ ወደ ቦርዱ ይዙር። ዳዮዱ ቦርዱ ድንጋዮቹን እንዳይሞላ ይከለክላል፤ ቮልቱንም በግማሽ ቮልት ገደማ ቀነስ ያደርገዋል፤ የቀረው ይበቃል። ብዙዎቹ ቦርዶች ለውጭ ባትሪ ባለ አራት እግር መሰኪያ አላቸው፤ የትኛው ፕላስ እንደሆነ አጠገቡ የተጻፈውን አይተው በመልቲሜትር ያረጋግጡ፤ ጃምፐሩንም (ሁለት እግሮችን የምታገናኘውን ትንሽ ቆብ) ማዛወር ያስፈልግ ይሆናል። ሽቦውን ረዘም አድርገው ማቀፊያውን ከሣጥኑ ግድግዳ ጋር ይሰሩት። ድንጋዮቹም አንድ ቀን ቢፈስሱ ቦርዱ ላይ አይደርሱም።

ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ። ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ያለችውን ቀይ መምረጫ በእጅዎ ብቻ ሳይሆን በዓይንዎ ያረጋግጡ፤ 230 ላይ መሆን አለባት። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን 115 ላይ ሊቀር ይችላል፤ በእኛ 220 ሲሰካ ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ይፈነዳሉ። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን አይክፈቱት፤ ውስጡ ካፓሲተሮቹ እስከ 310 ቮልት ይይዛሉ፣ ከተነቀለ በኋላም ይቆያል። ሌላም አለ፤ የዚያ ዘመን ማብሪያ የዛሬው ዓይነት አይደለም። ፊት ለፊት ያለችው ቁልፍ ላይ የሚመጣው ወፍራም ገመድ በቀጥታ የግድግዳውን 220 ይይዛል። ስለዚህ ስፒናው ተሰክቶ ሳለ እጅዎን ወደዚያ እንዳይሰዱ፣ አደራ።

ፓወር ሰፕላዩን ከቦርዱ ነቅለው ለብቻው ይፈትኑት። ጭነት ከሌለው ብዙው አይነሳም፤ ስለዚህ ባለ 12 ቮልት የመኪና ፍሬቻ አምፖል በአንድ ቀይና በአንድ ጥቁር ሽቦ መካከል ያስሩ። አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ይበራል፣ ልክ ነው። ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25፣ ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት ካነበበ ደህና ነው። የተቃጠለ ሽታ ወይም ጭስ ካለ ይንቀሉና ይተዉት፤ መርካቶ ሄዶ ሌላ መፈለግ ይቀላል። ወደ ቦርዱ ሲመልሱ ሁለቱ ስድስት ስድስት ሽቦ ያላቸው መሰኪያዎች ተቀያይረው መግባት ስለሚችሉ ተጠንቀቁ። ጥቁሮቹ አራት ሽቦዎች መሐል ላይ ጎን ለጎን ይሁኑ። ከተገላበጡ ቦርዱ ያን ጊዜውኑ ይሞታል። መብራት ከሚዋዥቅበት ሰዓትም ይቆጠቡ፣ ስታብላይዘሩም ይኑር።

መጀመሪያ ሲያበሩ ዲስክ አይኑርበት፤ ቦርዱ፣ ሚሞሪው፣ የስክሪን ካርዱና ትንሿ ድምፅ ማውጫ ብቻ። የካርዶቹንና የሚሞሪውን ወርቃማ ጥርሶች ቀድመው በነጭ ላጲስ ሸርሸር አድርገው በአልኮል ይጥረጉ፤ “አልነሳም” ከሚሉት ማሽኖች ብዙዎቹን የሚያስነሳው ይህ ነው። ባለ 30 ጥርሱ ሚሞሪ በ486 ላይ አራት አራት ሆኖ ነው የሚገባው፤ ሦስት ብቻ ካስገቡ ዝም ይላል። የባዮሱ (ማሽኑን መጀመሪያ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ቺፕ ላይ የወረቀት ስያሜው አሜሪካን ሜጋትሬንድስ ወይም ኤኤምአይ ከሆነ ጩኸቱን ይቁጠሩ፦ ስምንት ከጮኸ የስክሪን ካርዱ በደንብ አልገባም ወይም ተበላሽቷል፤ ሦስት ከሆነ ሚሞሪው ነው፤ ስድስት ከሆነ የኪቦርዱ መቆጣጠሪያ ነው፤ ፍሳሹ በዚያ በኩል አልፏልና ወደ ጠቆሩት መስመሮች ይመለሱ። የድሮው ወፍራም ሞኒተር አያስፈልግም። ባለ ቪጂኤ መሰኪያ ጠፍጣፋ ሞኒተር በደንብ ያሳያል፤ ያንን ከባድ ነገር ተሸክመው ወገብዎን እንዳይጎዱ። ሰዓቱና ሌላው ሁሉ ጠፍቷል ብሎ ቢያማርር ደግሞ አይደንግጡ፤ ባትሪው ከወጣ የሚጠበቅ ነው።

አሁን ዲስኩ። ከመሰካትዎ በፊት ላዩ ላይ ያለውን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። የዲስኩን አከፋፈል የሚናገሩት የሲሊንደር፣ የሄድና የሴክተር ቁጥሮች ተጽፈውበታል። ማሽኑ እነዚህን ስለረሳ ሲነሳ ዲሊትን ተጭነው ሴትአፕ (የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብተው፣ ዓይነት 47 የሚለውን መርጠው፣ በእጅ ማስገባት ይኖርብዎታል። ቁጥሩ ከድሮው ከተለየ ፋይሎቹ የተዘበራረቁ መስለው ይታያሉ፤ በዚያ ሁኔታ አንዳች ከተጻፈበት ደግሞ በእውነት ይዘበራረቃሉ። ስለዚህ ቅጂ እስክንወስድ ድረስ “ይጠገን?” ብሎ ለሚጠይቅ ፕሮግራም ሁሉ መልሱ “አይ” ነው፤ ስካንዲስክ የሚባለው ዲስክ ጠጋኝም አይሩጥ።

የሚቀለው ዲስኩን አውጥቶ በዩኤስቢ አዳፕተር ከናቲ ላፕቶፕ ጋር ማገናኘት ነው። ዊንዶውስ “ፎርማት ላድርገው?” ካለ እሺ እንዳትሉ። ላፕቶፑ ሊኑክስ (ከዊንዶውስ ሌላ የሆነ ሲስተም) ካለው ዲዲሬስኪዩ የሚባለው ፕሮግራም የሚነበበውን አስቀድሞ ቀድቶ ወደ ተጎዳው ቦታ ኋላ ይመለሳል፤ ለደከመ ዲስክ ከዚህ የተሻለ የለም። በጣም የቆዩት ዲስኮች ግን በዩኤስቢ አዳፕተር ጭራሽ አይታዩም፤ አዳፕተሩ የሚያናግራቸው በአዲሱ አቆጣጠር ሲሆን እነሱ የሚያውቁት ሲሊንደርና ሄድ ብቻ ነው። ያን ጊዜ መንገዱ በራሱ በ486ቱ ነው፤ ኮምፓክት ፍላሽ ካርድ በአዳፕተሩ ሁለተኛ ዲስክ አድርጎ ሰክቶ ኤክስኮፒ በሚባለው የመገልበጫ ትእዛዝ መገልበጥ። የዚያ ዘመን ባዮስ ከ528 ሚሊዮን ባይት በላይ ስለማያይ ካርዱ 512 ሜጋባይት ይሁን።

ስንገለብጥ ደብዳቤዎቹን ብቻ ይዘን እንዳንቀር! አባባ፣ ይህን ከሁሉ በላይ ያስቡልኝ። ፊደላችን በዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፊደሎቹን በእንግሊዝኛ ሆሄያትና ምልክቶች ቦታ ላይ በየራሱ አደላደል ነበር የሚያስቀምጠው። ፋይሉ ውስጥ ያለው እንግዲህ “ሀ” ሳይሆን በ“ሀ” ቦታ የተቀመጠው ምልክት ነው። ያ ፎንት ከሌለ የእድሩ መዝገብ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይታያል። ፎንቶቹ በዊንዶውስ 3.1 ሲስተም የሚለው ማኅደር ውስጥ፣ በዊንዶውስ 95 ደግሞ ፎንትስ የሚለው ውስጥ ናቸው። ቢቻል ዲስኩን እንዳለ ሙሉውን ቀድተን እናስቀምጥ፤ የመጻፊያው ፕሮግራም የመጣባቸው ፍሎፒዎችም አይጣሉ። ከማተሚያው መሰኪያ ጋር የተሰካች ትንሽ ሣጥን ካለችም የፕሮግራሙ ቁልፍ ልትሆን ትችላለች፤ እንደተሰካች ትቆይ።

ሙሉ ቅጂው ከተገኘ በኋላ 86ቦክስ በሚባለው ፕሮግራም ያንኑ ማሽን ላፕቶፑ ላይ ማስነሳት እንችላለን። እዚያ ውስጥ የፖስትስክሪፕት ማተሚያ ጭነን፣ በወረቀት ፈንታ ወደ ፋይል እንዲያትም ካደረግን፣ ፋይሉ ወደ ፒዲኤፍ ይቀየራል፤ ፎንቱም አብሮ ይገባል። ፊደሉን ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ግን አንዳንዱን ሆሄ ስለሚስቱ በእጅ መታረም አለበት። የአባላት ስም ያለበት መዝገብ ከሆነ እኔ ፒዲኤፉን አስቀድማለሁ።

ፍሎፒዎቹን እንዲሁ አያስገቧቸው። የብረት መዝጊያዋን ገፋ አድርገው፣ ከጀርባ ያለውን ክብ ብረት በጣት እያዞሩ፣ ቡናማውን ገጽ ብርሃን ላይ ይዩት። ስንት ክረምት አልፎባቸዋል፤ ነጭ ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው፤ ማንበቢያውን አቆሽሾ ቀጣዩን ፍሎፒ ደግሞ ይፍቀዋል። እነዚያን ለይተው ያስቀምጡልኝ፤ በአልኮል እንዴት እንደሚጸዱ ለብቻው እንነጋገራለን። ንጹሖቹን ጥግ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ከፍተው ያስገቡ፤ ቀዳዳዋ ከተከፈተች ማሽኑ ሊጽፍባቸው አይችልም።

ስለ ቢጫው ሣጥን የጠየቁኝን፣ የፀጉር ቤት 12 በመቶ ፔሮክሳይድ ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማዋል ያነጣዋል፤ የአዲስ አበባ ፀሐይ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። እኔ ብሆን ግን እተወዋለሁ። ጠረኑም ለሳንባዎ አይስማማም፤ ቆዳም ያቃጥላል። በሳሙና ውሃ የራሰ ጨርቅ ይበቃዋል።

ጎረቤት ውስጥ ተመሳሳይ አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ካለ ለቆራሌው ሳይሰጥ ይጠይቁልኝ። ሚሞሪው፣ የስክሪን ካርዱ፣ በተለይ ያ ባለ አምስት እግር ክብ መሰኪያ ኪቦርድ በኋላ ይፈለጋሉ። ዳዮዶቹን፣ የባትሪ ማቀፊያውን፣ ኮምፓክት ፍላሹን ከነአዳፕተሩ፣ የዩኤስቢውን አዳፕተርና ቀጭኑን ሽቦ በሚመጣ ሰው እልካለሁ። ከዚያ የሚገዛው አቼቶ፣ አልኮል፣ የተጣራ ውሃ፣ ጓንትና ሦስቱ የባትሪ ድንጋይ ነው። ዕቃው እስኪደርስ ባትሪውን ቆርጠው ቦርዱን ያጽዱ፤ ከመንካትዎ በፊት ግን ባትሪው ያለበትን ጥግ በቀን ብርሃን ከቅርብ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፤ መስመሮቹን አይቼ የትኞቹን መለካት እንዳለብን ምልክት አድርጌበት እመልስልዎታለሁ።

እማማን ሳሙልኝ።

አክባሪ ልጅዎ