ያ ፖስታ ማስታወቂያ አልነበረም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ጋዜጣችሁን የማገኘው እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከእንጀራ መሸጫው ነው። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የምገልጠው የቤት ሽያጭ ማስታወቂያውን ነው፤ ወሬው ከዚያ ይመጣል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ራሴ ስንፍና ነው፤ ከጎኔ ያለው መሬት ሊከፈል መሆኑን የሚያሳውቀውን ደብዳቤ ሳላነብ ስለ መጣሌ።

ከቤቴ ጎን ሰፊ ግቢ ያለው አሮጌ ቤት ነበር። ባለቤቷ አንዲት ሴትዮ ነበሩ፤ ሲያርፉ ልጆቻቸው ሸጡት። የገዛው አንድ ቤት ሠሪ ድርጅት ነው። ስሙን አልጠራም፣ ለነገሩ ሕግም አልጣሰም። አንድ ቀን ግቢው ፊት ለፊት ምልክት ተተከለ። "ለሽያጭ" የሚል መስሎኝ ሳላነበው አለፍኩ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አንድ ወፈር ያለ ፖስታ መጣ፣ ውስጡ ካርታ አለበት። ከፒዛው ኩፖንና "ጣሪያህን ልቀይርልህ" ከሚለው ወረቀት ጋር አብሬ ቆሻሻ ውስጥ ጨመርኩት።

ከወራት በኋላ ኤክስካቫተር መጣ። ቤቱ ፈረሰ፣ ትልልቆቹ ዛፎች ተቆረጡ፣ አንዱ ቦታ ሁለት ሆነ። አሁን ዝናብ ሲጥል ውሃው የሚወርደው ወደ እኔ ቤዝመንት ነው። ተናድጄ ወደ ካውንቲው የፕላን መሥሪያ ቤት ደወልኩ። "እንዴት ስብሰባ ሳትጠሩ፣ ሰው ሳትጠይቁ!" ስልኩን ያነሳችው ሴት ሳትቆጣ "ደብዳቤው ደርሶዎት ነበር?" አለችኝ። ምን ልበላት? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ያነበብኩት።

እኛ ባለንበት ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ዋናዎቹ ሕጎች ሁለት ናቸው። ምዕራፍ 59 የሚባለው ዞኒንጉ ነው፤ የት ላይ ምን ይሠራል፣ በምን ያህል ቦታ ላይ፣ ይላል። ምዕራፍ 50 ደግሞ መሬት እንዴት ተሸንሽኖ እንደሚከፈል ነው። የኔ ሰፈር አር-60 የሚባለው የመኖሪያ ቤት ዞን ነው። እዚህ ለአንድ ቤት ቢያንስ 6,000 ስኩዌር ፊት ቦታ ያስፈልጋል፣ በእኛ ልክ 557 ካሬ ሜትር ገደማ። ስለዚህ 12,000 የሆነ ግቢ ሲያይ ነጋዴው የሚታየው የሴትዮዋ ጽጌረዳ ሳይሆን ሁለት ቤት ነው። ስፋቱ ብቻ አይበቃም፣ ቤቱ የሚቆምበት መስመር ላይ ወርዱ 60 ፊት መሙላት አለበት፣ ሌላም ሌላም አለ።

ማመልከቻው ሲገባ ፋይሉ አንድ ቢሮ ብቻ አይቀመጥም። መንገዱን የሚይዘው ክፍል ያየዋል፣ የውሃና የፍሳሹ ድርጅት ያየዋል፣ እሳት አደጋ ያየዋል፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠውም ያየዋል። የእሳት አደጋ መኪና ይገባል ወይ? የዝናቡ ውሃ የት ሊሄድ ነው? ዛፉስ? መንገዱና ትምህርት ቤቱ ይችለዋል? ጉዳዩ ትልቅ ከሆነ በመጨረሻ ፕላኒንግ ቦርዱ ፊት ይቀርባል። ቦርዱ 5 አባላት አሉት፣ የሚሾማቸው የካውንቲው ምክር ቤት ነው። ሐሙስ ሐሙስ ይሰበሰባሉ፤ ማንም ሰው ተመዝግቦ መናገር ይችላል፣ ለአንድ ሰው 3 ደቂቃ። ሲጸድቅ የቦታው ፕላን ተፈርሞ የካውንቲው የመሬት መዝገብ ውስጥ ይገባል። እዚያ ከገባ አለቀ፣ አንዱ ቦታ ሁለት ነው።

እኔ ስብሰባ ስብሰባ እያልኩ የጮህኩት ይሄን ነበር። ለካ እስከ 3 ቤት ብቻ የሚወጣው ክፍፍል ከሆነ ያለ ምንም ስብሰባ ሊያልቅ ይችላል! የፕላን መሥሪያ ቤቱ ዳይሬክተር የእነዚያን ሁሉ ቢሮዎች አስተያየት ያያል፣ ጎረቤት የጻፈው ነገር ካለ ያንንም ያያል፣ ከዚያ በጽሑፍ ይወስናል። ወደ ቦርዱ መምራትም ይችላል፤ ካልመራው ግን በቃ። እንግዲህ አስቡት፣ ፋይሉ ውስጥ የእኔ ወረቀት ከሌለ እኔ የሚባል ጎረቤት የለም ማለት ነው። አጥሬ ካርታው ላይ አለ፣ እኔ ግን የለሁም።

ደግሞ ያንን ደብዳቤ የሚልከው ካውንቲው አይደለም፣ አመልካቹ ራሱ ነው። ለዚህ ነው ፖስታው ላይ የማታውቁት ኢንጂነር ወይም ጠበቃ ስም ያለው፣ ለዚህ ነው ማስታወቂያ የሚመስለው። የሚደርሰውም ለአዋሳኙ ባለቤት ነው። ተከራይ ከሆናችሁ ፖስታው ለአከራያችሁ ነው የሚሄደው፤ ለእናንተ ያለው የሚከፈለው ግቢ ፊት ለፊት የቆመው ምልክት ብቻ ነው። ከእኛ ሰው ስንቱ ነው ተከራይ?

አባቴን አስታወሰኝ። ኮተቤ እያለን ከጎናችን ያለው ግቢ ለልጆች ሲካፈል ቀያሹ ሜትሩን ይዞ መጣ። አባቴ ማንም ሳይጠራው ጋቢውን ደርቦ ወጣና አጥሩ ጋ ቆመ። ምንም አልተናገረም፣ ዝም ብሎ ቆሞ አየ፣ እስኪጨርሱ። ያ ሰውዬ የዚህን አገር ደብዳቤ ቢያገኝ ሦስት ጊዜ ያነበው ነበር። ልጁ ግን ኮሌጅ ተምሮ ከፒዛ ኩፖን ጋር ጣለው።

አንድ ሐሙስ የቦርዱን ስብሰባ ኢንተርኔት ላይ ቁጭ ብዬ አየሁት። ሐበሻ የሚመስል አንድም ሰው አልተናገረም። ከተናገሩትም ግማሾቹ 3 ደቂቃቸውን አባከኑት። ሰው የሚረሳው ነገር ይሄ ነው፦ ቦርዱ ጎረቤት ስላልወደደው ብቻ መከልከል አይችልም። ቦታው ሕጉ የሚለውን ካሟላ ባለቤቱ መብት አለው። ስለዚህ "ሰፈራችን ተጨናነቀ"፣ "የሚሠሩት ቤት ያስጠላል" ብሎ መማረር የትም አያደርስም። "ባለፈው ሐምሌ ውሃው በዚህ በኩል ነው የወረደው፣ ፎቶው ይኸው" ቢሉ ግን አንድ ሰው ደብተሩ ላይ ይጽፋል። እኔ ፎቶው ነበረኝ እኮ። ስልኬ ላይ፣ ከልጄ ልደት ፎቶዎች መሃል።

ቤት አይሠራ እያልኩ አይደለም፣ እንዳትሳሳቱብኝ። ልጆቻችን እዚህ ሰፈር ቤት መግዛት አቅቷቸዋል፤ አንድ ቤት የነበረበት ቦታ ላይ ሁለት መቆሙ ክፉ ነገር አይደለም። "ሰፈሬን አትንኩብኝ" የሚባለው ነገር ደግሞ እዚህ አካባቢ መጥፎ ታሪክ አለው። ኢ. ብሩክ ሊ የሚባለው ሰው መሬት ሸንሻኝም ፖለቲከኛም ነበር፣ በፈረንጅ 1927 ይሄ ቦርድ ያለበት የፕላን ኮሚሽን እንዲቋቋም ዋናው ገፊ እሱ ነው። ሸንሽኖ በሸጣቸው ሰፈሮች ውል ላይ ግን ለጥቁር አይሸጥም፣ አይከራይም የሚል አንቀጽ ነበረበት። በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ውል ማንም ፍርድ ቤት አያስፈጽምም እስኪል ድረስ ሲሠራበት ቆየ። በስሙ ይጠራ የነበረው ትምህርት ቤትም በ2021 ስሙ ተቀይሯል። እኛ ዛሬ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና የምናፈላው በእነዚህ ሰፈሮች ነው።

ቦርዱም ከሰማይ የወረደ አይደለም። በኦክቶበር 2022 ምክር ቤቱ እምነት አጥቶባቸው አምስቱም አባላት ለቀው ሌሎች ተሾመዋል። ሐበሻ ሰፈር ያን ሰሞን ማንም ሲያወራው አልሰማሁም።

በመሃል አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም አራት ጓደኛሞች ሲመክሩ ሰምቼ አዘንኩላቸው። እዚሁ ካውንቲ ውስጥ ወደ ፑልስቪል ከተማ በኩል 30 ኤከር መሬት አይተው፣ ገንዘብ አዋጥተን እንግዛና ለአራት ተካፍለን ቤት እንሥራ ይላሉ። ያ አካባቢ ከ1980 ጀምሮ ለእርሻ የተከለለ ነው፣ 93,000 ኤከር፣ የካውንቲው ሲሶ ማለት ይቻላል። እዚያ በመደበኛው ሕግ አንድ ቤት ለ25 ኤከር ነው። 30 ኤከር ለአራት አይካፈልም። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ዞኑን ጠይቁ፤ ሻጩ ላይነግራችሁ ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። አንደኛው ለካውንቲው ነው። በኮቪድ ጊዜ ስለ ክትባቱ በአማርኛ ጽፎልን ነበር፣ አቅቶት አይደለም። አመልካቹ በሚልከው ደብዳቤ አናት ላይና በምልክቱ ላይ አንድ መስመር አማርኛ ይግባ፦ "ከጎንዎ ያለው መሬት ሊከፈል ነው፣ አስተያየት ካለዎት በዚህ ቁጥር" የሚል። የዚህ መስመር ዋጋው ስንት ነው?

ሌላው ለእናንተ ነው። ጋዜጣችሁ ላይ የቤት አሻሻጮች ፎቶ ስድስት ገጽ ይይዛል፣ አልቀየምም፣ እንጀራችሁ ነው። ግን ከስድስቱ ገጽ ጥግ ላይ የመዳፍ ታህል ቦታ ስጡን። በሰሞኑ ማመልከቻ የገባባቸውን መንገዶች ስምና የፋይሉን ቁጥር ጻፉበት። መረጃው የፕላን መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አለ፣ ሚስጥር አይደለም፣ በእንግሊዝኛ ስለሆነና የት እንደሚገኝ ስለማናውቅ ብቻ ነው። ሰው የራሱን መንገድ ስም ጋዜጣ ላይ ካየ ሳያነብ አያልፍም።

የቤዝመንቱን ነገር ለጠየቃችሁኝ፣ አሁን ፓምፕ ገዝቼ ነው የምኖረው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከእኔ ሦስት ቤት ወረድ ብሎ ሌላ ምልክት ተተክሏል። መኪናዬን አቁሜ ወርጄ አነበብኩት፣ ቁጥሩንም ፎቶ አንስቻለሁ። እሱ ቤት ያለው እኔ ካለሁበት ዝቅ ብሎ ነው፣ ውሃው ወደ እኔ አይመጣም፤ የሚሄደው ከታች ወዳሉት ወይዘሮ ነው። ፖስታው ደርሷቸው እንደሁ ነገ ጠዋት ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ