ባንድ ምድጃ የሚሠራ ምግብም ጻፉልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። ግቢዬ ውስጥ ያሉትን ክፍሎች ፋብሪካ ለሚሠሩ ልጆች አከራያለሁ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ሁለትም ሦስትም ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ። ማብሰያቸው አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከሰል። ይህን ያስቀደምሁት የምጽፍላችሁ በነሱ ጉዳይ ስለሆነ ነው።

የምግብ ዓምዳችሁን እወደዋለሁ። ልጆቹም ከኔ እየተቀበሉ ያነቡታል። ግን ሰሞኑን ያወጣችኋቸውን መለስ ብላችሁ እዩልኝ። አንዱ ኦቨን ይጠይቃል። አንዱ ክሬምና ቺዝ ይላል። ሌላው ሥጋውን ብቻ ስናሰላው የልጆቹን የሳምንት አስቤዛ ይጨርሳል። ከሺፍት ወጥታ ማታ ቤቷ የምትገባ ልጅ ይህን አንብባ ምን ታድርገው? ጋዜጣውን አጥፋ ታስቀምጥና ዳቦ በሻይ በልታ ትተኛለች። በማግስቱም እንደዚያው። ይህ ነገር አንጀቴን ይበላኛል።

ስለዚህ ልለምናችሁ፤ ባቄላ ጻፉ። ተቀቅሎ፣ ተጨፍልቆ የሚበላ ባቄላ። ኦቨን አይፈልግ፣ ሥጋ አይፈልግ። አንድ ድስት ከተቀቀለ ለቁርስም ለራትም ይሆናል።

ለኛ ለአዳማ ሰዎች ባቄላ የሩቅ አገር እህል አይደለም። ከዚህ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ነው። ኢተያን አልፋችሁ ወደ ቁሉምሳ ስትጠጉ አየሩ ይቀየራል። ከዚያ ወዲያ እስከ ቦቆጂ ደጋ ነው፤ ባቄላ ደግሞ ደጋ ይወዳል። የአርሲ ገበሬ ከስንዴና ከገብሱ ጋር ያፈራርቀዋል። ሥሩ ከአየር ናይትሮጅን ስለሚይዝ ቀጥሎ የሚዘራው ስንዴ ያምርበታል። አገራችን በባቄላ ምርት ከቻይና ቀጥላ ከዓለም ሁለተኛ ናት። ይህን ያህል እያመረትን በብዙ ቤት ባቄላ የሚገባው በሽሮ ዱቄት መካከል ተደባልቆ ነው፤ ያለዚያም አሹቅ ሆኖ ለመቆርጠሚያ። ጸሎተ ሐሙስ ሲደርስ ጉልባን እንሠራለን፤ ከዚያ እስከ ዓመቱ እንረሳዋለን።

«ፉል ሥሩ» ስላቸው ልጆቹ «እትዬ፣ እሱማ ቁርስ ቤት ነው የሚበላው» አሉኝ። ቁርስ ቤት መብላቱን አልጠላሁም። አዳማ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ጥሩ ፉል የሚሠሩ አሉ። ግን ባንድ ቁርስ ቤት የቀረበልኝ ፉል ሳሙና ሳሙና ይል ነበር። ቶሎ እንዲበስል ሶዳ በዝቶበት ነው። ሶዳ ልጣጩን ያላላል፤ እሱስ እውነት ነው። ግን ሲበዛ ጣዕሙን ያበላሻል፣ በባቄላው ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ቢ1ም ይጎዳል። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ሶዳ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ማታ ከመተኛቱ በፊት ባቄላውን ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ብቻ ነው።

አሠራሩን እንዳለ ልንገራችሁ፤ ከፈለጋችሁ እንዳለ አውጡት።

መጀመሪያ ባቄላው ይመረጥ። ገበያ ስትሄዱ የዘንድሮውን ጠይቁ። የቆየ ባቄላ ከፈዛዛነት ወደ ቡናማ ይጠቁራል፤ ቀኑን ሙሉ ብትቀቅሉትም ልቡ ደረቅ ነው። እፍኝ አድርጋችሁ ብርሃን ላይ እዩት። ክብ ቀዳዳ ያለው ነቀዝ የገባበት ነው። ውኃ ውስጥ ስትጨምሩትም ይንሳፈፋል፤ ልቀሙና ጣሉት።

ለሦስት ሰው ሁለት ብርጭቆ ደረቅ ባቄላ ይበቃል። በብዙ ውኃ ይደር። ጠዋት አብጦ ታገኙታላችሁ፤ ልጣጩ ተወጥሯል። አንዷን ፍሬ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዙና ጥቁሯን ጫፍ በጥፍራችሁ ቀደድ አድርጉ። ከዚያ ከበስተኋላ ጫን ስትሏት ውስጧ ሙልጭ ብላ ትወጣለች፤ ልጣጩ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ሁሉንም መላጥ ግዴታ አይደለም። ጊዜ ካለ ግን ልጆቹ በር ላይ ቁጭ ብለው እያወሩ ይልጡታል፤ ሲጨፈለቅ ልስልስ የሚለውም ይሄኛው ነው። ለመላጥ ጊዜ የሌላት የባቄላ ክክ ትግዛ። ክክ ባንድ ሰዓት ውስጥ ይፈርሳል።

የዘፈዘፋችሁበትን ውኃ ድፉትና በአዲስ ውኃ ጣዱት። ካልተላጠ ሰዓት ተኩልም ሁለት ሰዓትም ይፈጃል። አዳማ ቆላ ናት ብንልም ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። ውኃ እዚህ የሚፈላው 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው፤ ቦቆጂ ላይ ደግሞ ከዚህም ዝቅ ይላል። ባቄላና ሽምብራ አልበስል የሚለን ለዚህ ነው። በእንፋሎት የሚያበስለው ድስት፣ ፕሬዠር የምንለው፣ ያን ሰዓት ወደ ግማሽ ሰዓት ያወርደዋል። የኔ ተከራዮች ተዋጥተው አንድ ገዙ። አሁን ከክፍል ክፍል ይዘዋወራል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ቲማቲምም ሎሚም ባቄላው ሳይበስል ድስት ውስጥ እንዳይገቡ። ኮምጣጣ ነገር እህሉን ያጠነክረዋል። ብዙ ሰው «ባቄላዬ እምቢ አለኝ» የሚለው በዚህ ነው። እነሱ የሚገቡት ከተጨፈለቀ በኋላ ነው።

ሲበስል ውኃውን አትድፉት፤ ለብቻ ቅዱት። ባቄላውን በትኩሱ በማማሰያ ወይም በብረት ኩባያ ቂጥ ጨፍልቁ። እየደረቀ ሲሄድ ከቀዳችሁት ውኃ ትንሽ ትንሽ መልሱበት። ለፉል ከሆነ ግማሹ ፍሬ ሳይደቅ ይቅር፤ ጥርስ ላይ መገኘት አለበት። ከሙን፣ ጨው፣ ሚጥሚጣ። ከላይ በደቃቁ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ። ለጾም ዘይት፣ ለፍስክ ቅቤና የተቀቀለ እንቁላል። እኔ ጋ ረቡዕና ዓርብ የምትጾመውም፣ ረመዳን ላይ ለሱሁር የምትነሣዋም ልጅ ከዚሁ ድስት ይበላሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ያን ሁሉ ቀን በሽሮና በምስር ብቻ መግፋት ይሰለቻል።

ማታ ደግሞ ሌላ አድርጉት። ደቡብ ጣሊያን ውስጥ ፑሊያ በሚባለው አገር የባቄላ ክክን እስኪልም ቀቅለው፣ የወይራ ዘይት አፍስሰውበት፣ ከጎኑ መረር ያለ ቅጠል ቀቅለው ይበሉታል። የድሃ ምግብ ነበር፤ ዛሬ እንግዳ ይጋበዝበታል። እኛ ጎመን አለን። ጎመኑን በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ አብስላችሁ ከተላመው ባቄላ ጎን አድርጉት። በእንጀራም በዳቦም ይሄዳል። እኔ ባቄላውን ጠንከር ያለ እንደ ገንፎ አድርጌ መሐሉን እጎደጉድና ዘይትና በርበሬ እጨምርበታለሁ። ልጆቹ ከሁሉ አብልጠው የወደዱት ይሄን ነው። ሞሮኮዎች ደግሞ ቢሳራ የሚሉት አላቸው። ያው ክክ ነው፤ ቀጠን ተደርጎ፣ ነጭ ሽንኩርትና ከሙን ገብቶበት እንደ ሾርባ ይጠጣል። ጉንፋን ለያዘው ሰው ከዚህ የሚሻል አላውቅም።

የራሳችንም አለ፤ እንዳይቀር እፈራለሁ። እናቴ እልበት ትሠራ ነበር። የባቄላ፣ የምስርና የአብሽ ዱቄት በፈላ ውኃ ላይ እየነሰነሰች ታማስላለች። ሲበርድ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ጨምራ ነጭ እስኪሆን፣ አየር እስኪይዝ ትመታዋለች። ቀዝቅዞ ነው የሚበላው፤ ለአዳማ ሙቀት የተሠራ ነው የሚመስለኝ። ዛሬ ግቢዬ ካሉት ልጆች እልበት በልታ የምታውቅ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ከአያቷ ቤት ነው።

ስለ ሙቀቱ ካነሣሁ፣ ጋዜጣችሁ የምግብ አሠራር ሲያወጣ ስለ ማስቀመጡ ምንም አይልም። እዚህ ዋናው እሱ ነው። የተጨፈለቀ ባቄላ በአዳማ ሙቀት ፍሪጅ ከሌለ ቶሎ ይኮመጥጣል። ስለዚህ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ለዚያች ሰዓት በምትበሉት ላይ ብቻ ጨምሩ። የቀረውን ባዶውን፣ በጨው ብቻ አኑሩት። ፍሪጅ ያላት ሦስት ቀን ታቆየዋለች። የሌላት ለዕለቱ የሚበቃትን ብቻ ትቀቅል። ደረቁ ባቄላ ጆንያ ውስጥ ቶሎ አይበላሽም፤ አይቸኩልባትም።

አንድ ማስጠንቀቂያም አብራችሁ አውጡ፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ቅር ይለኛል። ባቄላ የማይስማማቸው ሰዎች አሉ። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኤንዛይም በደማቸው ውስጥ የሚያንስ ሰዎች ናቸው፤ በዘር የሚወረስ ነው። ባቄላ በተለይ እሸቱን ሲበሉ ቀይ የደም ሴላቸው ይፈርሳል። ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ሰውነት ይዝላል። ይህ የታየበት ሰው፣ ልጅ ከሆነ በተለይ፣ ያንኑ ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ። ለሌላው ግን ባቄላ የተባረከ ምግብ ነው። ከደረቅ ክብደቱ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ሥጋ በወር አንዴ ለማትቀምስ፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ ለምትሠራ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ከዓምዱ ቢያንስ አንዱን ሳምንት ባንድ ምድጃና ባንድ ድስት ለሚሠራ ምግብ ስጡ። ስንት ሰዓት ምድጃ ላይ እንደሚቆይ ጻፉበት፤ የመብራትና የከሰል ሒሳብ አለና። ስንት ሰው እንደሚያበላ ጻፉ። በእሸት ወቅት፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ የእሸት ባቄላ አሠራር አውጡ። እሸቱን አጠር አድርጎ ቀቅሎ፣ ልጦ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከሎሚ ጋር መጨፍለቅ ነው፤ ሩብ ሰዓት አይሞላም።

ሲልጆን ግን እኔ ልጽፍላችሁ አልችልም። የባቄላ ዱቄትና የሱፍ ውኃ አብስሎ፣ ሰናፍጭ ጨምሮ ለቀናት ማቡካቱን አውቃለሁ፤ ልኩን ግን እናቴ በእጇ እንጂ በቃል አላስተማረችኝም። ከጎጃምም ከሰሜን ሸዋም የምታነቡ እናቶች ካላችሁ ስንት ዱቄት በስንት ሰናፍጭ እንደምታደርጉና በሙቀት አገር ስንት ቀን እንደሚበቃው ለጋዜጣው ላኩልን። ልጆቹ ማሰሮ ገዝተው እየጠበቁ ነው።

አክባሪያችሁ
ከአዳማ፣ ፍራንኮ