ከእስክንድር ሥዕል ፊት ላደረሳችሁን ሁሉ፤ የምስጋና መልእክት

በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ፣ ገንዘባችሁንና ጊዜያችሁን ሳትሰስቱ ለሰጣችሁን ወገኖቻችን በሙሉ፤

እግዚአብሔር ይመስገን፣ የኢትዮጵያዊውን ሠዓሊ የእስክንድር ቦጎሲያንን «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» በዓይናችን አይተን በሰላም ገብተናል። ሥዕሉ ኒው ዮርክ በሚገኘው የሜትሮፖሊታን ሙዚየም፣ የሕልምንና የምናብን ዓለም በሚሥለው የሱሪያሊዝም ፈለግ ላይ ባተኮረው «ሱሪያሊዝም ከድንበር ባሻገር» በተሰኘ ዐውደ ርእይ ላይ መቅረቡን የሰማን ዕለት ነበር ልባችን የተነሳው። ነገር ግን የኮቪድ ወረርሽኝ ገና አልበረደም ነበር፤ አብረውን ሊሄዱ የፈለጉት አባታችንም ያለ ተሽከርካሪ ወንበር አይንቀሳቀሱም። እናንተ ባትደርሱልን ኖሮ ጉዞው ምኞት ሆኖ ይቀር ነበር።

ሌሊት ተነስቶ መኪናውን የነዳው ወንድማችን፣ መንገዱን ሁሉ ሳያማርር አድርሶ መልሶናልና ዕድሜና ጤና ይስጥልን። በዚያን ጊዜ ያለ ክትባት ማረጋገጫ መግባት የማይቻል ስለነበር የሁላችንንም ወረቀት ተቀብላ፣ ቀጠሮ ይዛ፣ ቲኬት ቆርጣ የጨረሰችልን እኅታችን ውለታዋ አለብን። የነቢያት ጾም ገብቶ ነበርና ሽሮውንና ጎመኑን በእንጀራ ጠቅልላችሁ የሰጣችሁን እናቶች፣ እጃችሁ ይባረክ።

ዐውደ ርእዩ ሰፊ ነበር። ከ45 አገሮች የተሰበሰቡ፣ ስምንት አሥርት ዓመታት ያህል የሚሸፍኑ ሥራዎች ነበሩበት። ከምድጃ ውስጥ የሚወጣው የሠዓሊው የማግሪት ባቡርም፣ የሠዓሊው የዳሊ የባሕር እንስሳ የተጫነበት ስልክም እዚያው ነበሩ። እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ የካይሮዎቹን ሠዓልያን ክፍልና የአሜሪካዊውን ገጣሚና ሠዓሊ የቴድ ጆንስን ረጅም ተጣጣፊ ሥዕል አደነቅሁ፤ ይህ የመጨረሻው ከመቶ በላይ ሰዎች ለሠላሳ ዓመታት ያህል እየተቀባበሉ የሠሩት ነው።

ከዚያ እስክንድር ዘንድ ደረስን።

ሸራው ትልቅ ነው፤ ጎኑ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። በመጽሐፍ ውስጥ መዳፍ በምታህል ገጽ ሳየው የኖርሁት ሥዕል ይህ ነው ለማለት ተቸግሬ ነበር። ጨለማው ጥቁር ብቻ አይደለም። ቀረብ ብሎ ላየው ሰው በነጠብጣብ የተሞላ ሰማይ ነው፤ ነጠብጣቦቹ አንዱ ላይ አንዱ እየተደራረቡ ወደ ውስጥ ይርቃሉ፤ በዚያ ጥልቀት ላይ ክንፍ ያላቸው ፍጥረታት ይንሳፈፋሉ። ወፍ እንዳይባሉ ከወፍ ይበልጣሉ፣ መንፈስ እንዳይባሉ ሥጋና ላባ አላቸው። ፍርሃቱንና ደስታውን ለይቼ ለማየት ብዙ ሞከርሁ፤ አይለያዩም።

አባታችን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ፣ እስክንድር ከፓሪስ ተመልሶ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያስተምር ከተማሪዎቹ አንዱ ነበሩ። ወንበራቸውን ወደ ሸራው አስጠጉልኝ አሉን። መነጽራቸውን አውልቀው አንገታቸውን ወደ ፊት ሰገግ ሲያደርጉ ጥበቃው መጣ። ሊያርቀን ነው ብለን ስንሰጋ፣ መንኮራኩሩ እስከ የት መድረስ እንደሚችል በእጁ አሳየንና ፈቀቅ ብሎ ቆመ። ከኋላ የሚመጡትንም ሰዎች በሌላ በኩል እንዲያልፉ እየነገረ፣ አባታችን እስኪበቃቸው ድረስ ጠበቀ። ስሙን ሳንጠይቀው ወጣን፤ ምስጋናችን ባለበት ይድረሰው።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። እስክንድር ሱሪያሊዝምን ከፓሪስ ተምሮ ያመጣ ተደርጎ ሲነገር እሰማለሁ። እኔ ይህን አልቀበለውም። በእርግጥ ከለንደን ትምህርቱ በኋላ ከ1957 እስከ 1966 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ኖሯል፤ የሠዓልያኑን የክሌን፣ የማታንና የኩባዊውን የዊፍሬዶ ላምን ሥራዎች በጥልቀት አጥንቷል፤ ይህንንም ሥዕል በ1964 የሠራው እዚያው ነው። ነገር ግን የደብተራን ክታብ ዘርግቶ ያየ ሰው፣ በጠልሰሙ መካከል አፍጥጠው የሚያዩትን ዓይኖችና ክንፋሞቹን መላእክት የሚያውቅ ሰው፣ የዚህ ሥዕል ሥር ወዴት እንደሚወርድ አይጠፋውም። በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራዎቻቸው ከተገዙላቸው ቀደምት አፍሪካውያን ሠዓልያን አንዱ ያደረገው ይህ ይመስለኛል፤ ከእርሱ በኋላ ለተነሱት ሠዓልያን ለእነ ዘሪሁን የትምጌታና ለእነ ወሰኔ ኮስሮፍ ያወረሳቸውም እንዲሁ።

ሥዕሉን ላዋሰው የኖርዝ ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ አዘጋጆቹም እስክንድርን ከዓለም ታላላቅ ሱሪያሊስቶች ጋር በእኩል ስላስቀመጡት ከልብ እናመሰግናለን። ለእርሱ ለራሱ፣ በ2003 እዚሁ ዋሽንግተን ላረፈው መምህርና ሠዓሊ፣ ነፍስህን በአጸደ ገነት ያኑርልን እንላለን። እንዲህ ያለ ሥራ ትቶልን ስለሄደ ምስጋናችን አያልቅም።

ዐውደ ርእዩ እስከ ጥር 30 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ክፍት ነበር። ያመለጣችሁ ግን የሥዕሉ ቋሚ ቤት በራሌይ ከተማ ያለው የኖርዝ ካሮላይናው ሙዚየም ነው። ካዋጣችሁት ገንዘብ በተረፈው የዐውደ ርእዩን መድበል ገዝተናል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ መጥታችሁ ማየትም፣ ተራ ይዛችሁ ወደ ቤት መውሰድም ትችላላችሁ፤ የእናንተው ነው።